በሊነክስ ዴስክቶፕ ላይ የትኛው ሼል፣ የትኛው የኮድ አርታዒ? የንጽጽር መመሪያ

ሊነክስን አዲስ የጫነ ሰው ብዙ ሳይቆይ ሁለት ጥያቄዎች ይገጥሙታል። ትዕዛዝ የምጽፍበት ሼል የትኛው ይሁን? ስክሪፕት የማዘጋጅበት አርታዒስ? መልስ ፍለጋ ሲወጣ ብዙውን ጊዜ የሚጠብቀው የደጋፊዎች ሙግት ነው። አንዱ ቪምን ያልለመደ ፕሮግራመር አይባልም ይለዋል፤ ሌላው በቀለም ያሸበረቀ ተርሚናል እያሳየ ባሽ ጊዜው አልፏል ይለዋል። ጀማሪው ሁሉንም ይጭናል፣ ሁሉንም በግማሽ ይለምዳል፣ ሊጽፈው ያሰበው ስክሪፕት ግን ሳይጻፍ ይቀራል።

ይህ ጽሑፍ ኡቡንቱ፣ ዴቢያን፣ ሊነክስ ሚንት ወይም ፌዶራ ላይ ለሚሠሩ፣ ፋይል ለማደራጀት፣ መጠባበቂያ ቅጂ ለመያዝ ወይም ሰርቨር ለማስተዳደር ስክሪፕት መጻፍ ለሚፈልጉ የተዘጋጀ ነው። መጀመሪያ መመዘኛዎቹን አስቀምጣለሁ፤ ከዚያ አማራጮቹን አንድ በአንድ በእነሱ እለካለሁ።

ከመመዘኛዎቹም በፊት ግን አንድ ነገር መለየት አለበት። ሼል ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው ተርሚናል ከፍታችሁ በየቀኑ ትዕዛዝ የምትሰጡበት መሆኑ ነው። ሁለተኛው የጻፋችሁትን ስክሪፕት መስመር በመስመር እያነበበ ማስፈጸሙ ነው። ለሁለቱ ሥራዎች አንድ ዓይነት ሼል መጠቀም ግዴታ አይደለም። በአንዱ እየሠራችሁ ለሌላው መጻፍ ትችላላችሁ፤ ይህ ከተያዘ ከክርክሩ አብዛኛው በራሱ ይረግባል።

መመዘኛዎቹ

እዚህ የሚነሱት ፕሮግራሞች ሁሉ በነፃ የሚገኙ ናቸው። ስለዚህ ዋጋ ስል የኮምፒውተሩን ማህደረ ትውስታ፣ ለማውረድ የሚወጣውን የኢንተርኔት ዳታ፣ ለመልመድ የሚጠፋውን ጊዜ ማለቴ ነው። በሞባይል ዳታ ለሚሠራ ሰው መቶ ሜጋባይት ጥቅልና ሦስት ሜጋባይት ጥቅል እኩል አይደሉም።

የመጀመሪያው መመዘኛ ተንቀሳቃሽነት ነው፦ ዛሬ በእናንተ ኮምፒውተር ላይ የሠራው ስክሪፕት ነገ በሌላ ሰው ማሽን ወይም በሰርቨር ላይ ይሠራል? ሁለተኛው ስሕተትን ቀድሞ የሚያሳይ መሣሪያ መኖሩ ነው። ሦስተኛው መብራት ድንገት ሲጠፋ ያልተቀመጠው ጽሑፍ ምን ይሆናል የሚለው ነው፤ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ያለ ዩፒኤስ የሚጠቀም ሰው ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል። አራተኛው የአማርኛ አጻጻፍ ነው፤ ማብራሪያችንንና ለተጠቃሚ የሚታየውን መልእክት በፊደላችን ስንጽፍ ፕሮግራሙ ይተባበራል ወይስ ያስቸግራል? አምስተኛው ፈቃዱ ነው። ክፍት ምንጭ ዴስክቶፕ የመረጠ ሰው አርታዒውም ክፍት መሆን አለመሆኑን የማወቅ መብት አለው።

ሼሎቹ

*ባሽ።* ብራያን ፎክስ ለግኑ ፕሮጀክት ጽፎት በ1989 ወጣ፤ የተሠራውም በ1979 በዩኒክስ ሰባተኛ እትም የተለቀቀውን የስቲቨን ቦርን ሼል እንዲተካ ነው። ዛሬ ከላይ በጠቀስኳቸው የሊነክስ ዓይነቶች ሁሉ ተጭኖ ይመጣል። ምንም አታወርዱም፣ ምንም አታስተካክሉም። መጻሕፍት፣ የትምህርት ቤት ማስታወሻዎች፣ የሰርቨር መመሪያዎች አብዛኞቹ በባሽ የተጻፉ ናቸው። በተንቀሳቃሽነት መመዘኛ ከፍተኛ ቦታ ይይዛል፤ ሁለት ወጥመዶች ግን አሉ።

አንደኛው ወጥመድ የስክሪፕቱ የመጀመሪያ መስመር ላይ ነው። ብዙ ሰው በ#! ምልክት የሚጀምረውን መስመር በአጭሩ ኤስኤች (sh) ብሎ ይጨርሰውና ባሽ የጠራ ይመስለዋል። ፌዶራ ላይ ኤስኤች የሚለው ስም በእርግጥም ባሽን ይጠራል። ኡቡንቱ ግን ከ2006 ጀምሮ፣ ዴቢያን ደግሞ ከ2011 ጀምሮ በዚህ ስም የሚጠሩት ዳሽ የተባለውን ትንሽና ፈጣን ሼል ነው። ዳሽ የባሽን ድርድሮች (ብዙ ዋጋዎችን በአንድ ስም የሚይዙ ዝርዝሮችን) አያውቅም፤ ሁኔታ የሚመዘንበትን ድርብ ቅንፍ [[ ]] አያውቅም። ስለዚህ በፌዶራ ያለ እንከን የሠራ ስክሪፕት ጓደኛችሁ ኡቡንቱ ላይ ሲያስነሳው ይሰበራል፤ ሁለቱም ሰዎች ጥፋቱን ኮዱ ውስጥ ሲፈልጉ ይውላሉ። መፍትሔው የመጀመሪያው መስመር ባሽን በሙሉ ስሙ እንዲጠራ ማድረግ ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ በስም ውስጥ ያለ ባዶ ቦታ ነው። «የሰኔ ደመወዝ» የተባለ ፋይል አላችሁ እንበል። ስክሪፕቱ የፋይሉን ስም በተለዋዋጭ ይዞ ለማጥፊያው ትዕዛዝ ያቀብላል። ተለዋዋጩን በትምህርተ ጥቅስ " " ካልከበባችሁት ባሽ ስሙን ባዶ ቦታው ላይ ይቆርጠዋል፤ ማጥፊያውም «የሰኔ» እና «ደመወዝ» የተባሉ ሁለት ፋይሎችን ይፈልጋል። ሁለቱም ከሌሉ የስሕተት መልእክት ታያላችሁ፤ ያ ደህናው ነው። በዚያው ፎልደር «ደመወዝ» የሚባል ሌላ ፋይል ካለ ግን የጠፋው እሱ ነው፣ የሰኔውም በቦታው አለ። በሼል ተለዋዋጭን ሁልጊዜ በጥቅስ ክበቡ ተብሎ የሚመከረው ለዚህ ነው።

*ዚ ሼል።* ፖል ፋልስታድ በ1990 የጀመረው ነው። አፕል በ2019 ከካታሊና እትም ጀምሮ በማክ ኮምፒውተሮች ላይ ከባሽ ይልቅ ይህን መደበኛ አደረገው፤ ካሊ ሊነክስም በ2020 ተከተለ። በየቀኑ ለመሥራት ምቹ ነው፦ ትዕዛዝ በማሟላት የተካነ ነው፣ የፎልደር ስም በስሕተት ስትጽፉ እንዲያርምላችሁ ማዘዝ ይቻላል፣ ከባሽ ጋር ያለው ቅርበትም ከፍተኛ ነው። ከላይ ያየነውን የፋይል ስም ያለ ጥቅስም አይቆርጠውም።

ይሁንና ቅርበት መመሳሰል አይደለም። የባሽ ድርድር ከ0 ይቆጥራል፤ የዚ ሼል ከ1። በባሽ የመጀመሪያውን ፋይል የሚያነሳው መስመር በዚ ሼል ባዶ ይመልሳል። ከመመሪያ ላይ የገለበጣችሁት የትዕዛዝ ጥቅል መሐል በ# የሚጀምር ማብራሪያ ካለም፣ ባሽ በዝምታ ሲያልፈው ዚ ሼል ተርሚናል ላይ ትዕዛዝ ነው ብሎ ይፈልገውና አላገኘሁትም ይላል። ይህን የሚያስተካክል ቅንብር አለው፤ ግን መኖሩን ማወቅ ያስፈልጋል። ኦ ማይ ዚ ሼል የተባለው የቅንብር ስብስብ ከ2009 ጀምሮ ብዙ ተጠቃሚ አምጥቶለታል። በደካማ ኮምፒውተር ላይ ግን ጌጡ በበዛ ቁጥር ተርሚናሉ ለመከፈት እየዘገየ ይሄዳል። እኔ ያለ እሱ፣ ዚ ሼልን ብቻውን መጫን እመርጣለሁ።

*ፊሽ።* ከ2005 ጀምሮ ያለ ነው፤ በ2025 የወጣው 4.0 እትም ደግሞ ከሲ ፕላስ ፕላስ ወደ ረስት ቋንቋ ተዛውሯል። ጀማሪን በማገዝ የሚደርስበት አላየሁም። መጻፍ ስትጀምሩ ቀድሞ የጻፋችሁትን ትዕዛዝ በደብዛዛ ቀለም ያቀርብላችኋል፤ የሌለ ትዕዛዝ ስትጽፉ ገና ሳትልኩት ቀዩን ታያላችሁ። ይህ ሁሉ ያለ ምንም ቅንብር፣ እንደተጫነ የሚገኝ ነው።

የሚከፈልበት ዋጋ የራሱ ሰዋስው ነው። ፊሽ ሼሎች እንዲመሳሰሉ የወጣውን የፖዚክስ ደንብ ሆን ብሎ አይከተልም። የሁኔታና የድግግሞሽ አረፍተ ነገሮቹ ከባሽ ይለያሉ፣ ተለዋዋጭ የሚሰየመው ሴት (set) በሚባል ትዕዛዝ ነው፣ በስክሪፕት ውስጥ ረጅም ጽሑፍ ለማስገባት የሚያገለግለው የ<< አሠራርም የለውም። በፊሽ የተጻፈ ስክሪፕት ፊሽ በሌለበት አይሠራም፤ በሰርቨር ላይ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የለም። ስለዚህ ለመሥሪያ ይመከራል፣ ለመጻፊያ አይመከርም።

*ፓወርሼል* ከ2016 ጀምሮ በሊነክስ ላይም ይሠራል፤ ፈቃዱም ክፍት የሆነው ኤምአይቲ ነው። ከአንዱ ትዕዛዝ ወደ ሌላው የሚያስተላልፈው ተራ ጽሑፍ ሳይሆን ባሕርያቱ የተለዩ ዕቃ ነው፤ ይህ ጥሩ ሐሳብ ነው። መሥሪያ ቤታችሁ የዊንዶውስ ሰርቨር የሚያስተዳድር ከሆነ ተማሩት። ካልሆነ በሊነክስ ዴስክቶፕ ላይ ለሚሠራ ጀማሪ አንገብጋቢ አይደለም።

| ሼል | አብሮ ይመጣል? | በሌላ ማሽን ስክሪፕቱ ይሠራል? | ለዕለት ሥራ ምቾት | በሼልቼክ ይመረመራል? |
|---|---|---|---|---|
| ባሽ | አዎ | በአብዛኛው አዎ | መካከለኛ | አዎ |
| ዳሽ | በኡቡንቱና በዴቢያን አዎ | ከሁሉ በላይ | ደካማ | አዎ |
| ዚ ሼል | በአብዛኛው አይመጣም | ዚ ሼል ባለበት ብቻ | ከፍተኛ፣ ቅንብር ይፈልጋል | አይደለም |
| ፊሽ | አይመጣም | ፊሽ ባለበት ብቻ | ከፍተኛ፣ ያለ ቅንብር | አይደለም |
| ፓወርሼል | አይመጣም | ፓወርሼል ባለበት ብቻ | ለለመደው ጥሩ | አይደለም |

የሠንጠረዡ የመጨረሻ ዓምድ ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል። ሼልቼክ ስክሪፕት አንብቦ ገና ሳይነሳ ስሕተቱን የሚናገር ነፃ መሣሪያ ነው። ያንን የሰኔ ደመወዝ ስክሪፕት ብትሰጡት መስመሩን ጠቅሶ ኤስሲ2086 የተባለውን ማስጠንቀቂያ ያወጣል፦ ተለዋዋጩን በጥቅስ ክበቡት፣ አለዚያ ይቆረጣል። የመጀመሪያው መስመር ኤስኤች እያለ የባሽ ድርድር ብትጠቀሙም ይነግራችኋል። ማስጠንቀቂያው ሁሉ ቁጥር ስላለው ዝርዝር ማብራሪያውን ፈልጎ ማንበብ ይቻላል፤ ሼል መማሪያ ሆኖ የሚያገለግለውም በዚህ ነው። የሚያነበው ግን የባሽን፣ የዳሽንና የመሰል ሼሎችን ስክሪፕት ነው፤ የዚ ሼልንና የፊሽን አያነብም። አርታዒ ከመምረጣችሁ በፊት እሱን ጫኑ። ማንኛውንም አርታዒ ብትይዙ ከምርጫችሁ የሚገኘው ጥቅም ከዚህ መሣሪያ ጥቅም አይበልጥም ብዬ አምናለሁ።

አርታዒዎቹ

*ናኖ።* ኡቡንቱና ዴቢያን ላይ አብሮ ይመጣል፤ ፌዶራም ከ2020ው 33ኛ እትሙ ጀምሮ መደበኛ የተርሚናል አርታዒው አድርጎታል። ቁልፎቹ ከታች ተጽፈው ስለሚታዩ የሚሸመደድ ነገር የለም። ለአጭር እርማት በቂ ነው። ተርሚናሉ ሲዘጋበት የያዘውን ጽሑፍ ለማትረፍ ይሞክራል፤ መብራት ከሄደ ግን ያላስቀመጣችሁት አብሮ ይሄዳል። ረጅም ስክሪፕት ለሚጽፍ ሰው ይህ ከባድ ጉድለት ነው።

*ቪምና ኒዮቪም።* ብራም ሙሌናር ቪምን በ1991 ለቀቀው፤ በነሐሴ 2023 በአውሮፓ አቆጣጠር እስከሞተበት ጊዜ ድረስም መራው። ፕሮግራሙን ያለ ጽሑፍ ስትከፍቱት በኡጋንዳ ያሉ ድሆች ሕፃናትን እርዱ የሚል ጥሪ ታያላችሁ፤ ሙሌናር በሄደበት አገር ያየው ችግር ስለነካው የተጠቃሚዎቹን ልግስና ወደዚያ መራው። ኒዮቪም በ2014 ከቪም ተገንጥሎ የወጣ ነው፤ ከ2021ዱ 0.5 እትም ጀምሮ ከቋንቋ ሰርቨሮች (ለአርታዒ የኮድ ስሕተትና ጥቆማ ከሚያቀርቡ ፕሮግራሞች) ጋር በራሱ ይነጋገራል፣ ቅንብሩም በሉዋ ቋንቋ ይጻፋል።

ቪም ጥቂት ሜጋባይት ብቻ ነው፣ በአሮጌ ማሽን ላይ ይፈጥናል፣ በርቀት ሰርቨር ላይም እሱ ወይም ታናሽ ወንድሙ ቪአይ አይጠፋም። በመብራት መመዘኛም አንደኛ ከሚባሉት ነው። ከ200 ቁምፊ በኋላ፣ ወይም እጃችሁን ከቁልፉ ለ4 ሴኮንድ ስታነሱ፣ የያዘውን በጎን ፋይል ላይ ይጽፋል። መብራት ተመልሶ ፋይሉን ስትከፍቱ ያልተቀመጠ ሥራ አለ፣ ላውጣው? ብሎ ይጠይቃል።

አማርኛ ላይ ግን ያስቸግራል፤ ምክንያቱን በቅርብ ማየት ይጠቅማል። ቪም የመጻፊያና የማዘዣ ስልቶች አሉት። በመጻፊያው ስልት የአማርኛ ቁልፋችሁን አብርታችሁ ማብራሪያ ጻፋችሁ። ከዚያ ወደ ማዘዣው ተመልሳችሁ መስመር ለማጥፋት የዲን ቁልፍ ሁለት ጊዜ ተጫናችሁ። ቪም የሚደርሰው ዲ ሳይሆን «ድ» ነው፤ «ድ» ደግሞ ለቪም ትዕዛዝ አይደለም። ለማስቀመጥም ሆነ ለመውጣት መጀመሪያ የቁልፍ ሰሌዳውን ወደ ላቲን መመለስ አለባችሁ። በአማርኛ ብዙ ለሚጽፍ ሰው ይህ መመላለስ ያሰለቻል።

*ኢማክስ።* ሪቻርድ ስቶልማን የግኑ ኢማክስን በ1985 አወጣ። ስለ ኢማክስ ብዙ የተባለ አለ፤ ለእኛ ግን ብዙዎች የማያውቁት አንድ ነገር አለው፦ የግዕዝ ፊደል መጻፊያ አብሮት ይመጣል። ምንም ሳትጨምሩ፣ ኢትዮፒክ የተባለውን የአጻጻፍ ስልት ከመረጣችሁ በኋላ ኮንትሮልን ከ\ ምልክት ጋር በመጫን ታበሩታላችሁ፣ ታጠፉታላችሁ። ኮንትሮልና ኤች ተጭናችሁ ኤችን ብትደግሙ ደግሞ የዓለም ቋንቋዎች ሰላምታ የተዘረዘረበት ገጽ ይከፈታል፤ አማርኛም እዚያ ውስጥ አለ። ከሁሉ የሚጠቅመው ትዕዛዞቹ በኮንትሮልና በአልት ስለሚሰጡ አማርኛው በርቶ እያለም መሥራታቸው ነው። ቪም ላይ ያየነው መመላለስ እዚህ የለም። በየ300 ቁልፍ ወይም ከ30 ሴኮንድ ዝምታ በኋላ በራሱ ያስቀምጣል። ጉድለቱ ጊዜ መውሰዱ ነው፤ የቁልፍ ጥምረቶቹን እጅ እስኪለምድ ትዕግሥት ይጠይቃል፣ በቅንብር መጠመድም ያጓጓል።

*ቪኤስ ኮድና ቪኤስኮዲየም።* ማይክሮሶፍት ቪኤስ ኮድን በ2015 አቀረበው። ምንጩ በኤምአይቲ ፈቃድ የተከፈተ ነው፤ ማይክሮሶፍት አጠናቅሮ የሚያከፋፍለው ጥቅል ግን በራሱ የንግድ ፈቃድ የሚተዳደርና የአጠቃቀም መረጃ የሚልክ ነው። መላኩን በቅንብር መቀነስ ይቻላል። ቪኤስኮዲየም ከዚያው ምንጭ፣ መረጃ መላኪያው ጠፍቶ የተጠናቀረ ነው። ልዩነቱ የሚሰማው በቅጥያዎች ላይ ነው፤ ቪኤስኮዲየም የሚያወርደው ከማይክሮሶፍት ገበያ ሳይሆን ኦፕን ቪኤስኤክስ ከተባለው ክፍት መደብር ነው። በርቀት ሰርቨር ላይ ለመሥራት የሚያገለግለው የማይክሮሶፍት ቅጥያና ፓይላንስ የተባለው የፓይተን ረዳት በፈቃዳቸው ከማይክሮሶፍት ምርት ውጭ እንዲሠሩ አልተፈቀደም። የባሽ ቅጥያና የሼልቼክ ቅጥያ ግን በሁለቱም ይገኛሉ፤ ለሼል ስክሪፕት ብቻ ከሆነ ምንም አይጎድልባችሁም።

ያልተቀመጠ ጽሑፍን ያቆያል፣ የፊደል አቀራረቡ ጥሩ ነው፣ ለመልመድም ቀላል ነው። ዋጋው ክብደቱ ነው። ኤሌክትሮን በተባለ፣ የድረ ገጽ ማሰሻ ሞተር በያዘ ማዕቀፍ ላይ ስለተሠራ ጥቅሉ ወደ መቶ ሜጋባይት ይደርሳል። ማህደረ ትውስታው 4 ጊጋባይት የሆነ ማሽን ላይ ከዌብ ማሰሻ ጋር አንድ ላይ ሲከፈት ኮምፒውተሩ መንተፋተፍ ይጀምራል። ቅጥያዎች እየጨመሩ ሲሄዱ ይብሳል።

*ኬት።* ኬዲኢ የተባለው የሊነክስ ዴስክቶፕ አርታዒ ነው፤ የሚገባውን ያህል አይነገርለትም። ከቋንቋ ሰርቨር ጋር ይነጋገራል፣ ተርሚናል ከታች ይከፍታል፣ ያልተቀመጠውን በጎን ፋይል ይይዛል፣ ከቪኤስ ኮድ ይቀላል፣ ሙሉ በሙሉ ክፍት ነው። ኬዲኢ ዴስክቶፕ የምትጠቀሙ ከሆነ ከእሱ ሌላ ፍለጋ ከመውጣታችሁ በፊት እሱን ሞክሩ። ኖም በተባለው ሌላ ዴስክቶፕ ላይ ስትጭኑት ግን የኬዲኢ ቤተ መጻሕፍትን አብሮ ስለሚያወርድ የዳታ ፍጆታው ይጨምራል።

*ጂኒ* ከኬትም ይቀላል። ስክሪፕቱን በአንድ ቁልፍ ማስነሳት ይቻላል፤ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ አይከብድም። በራሱ የሚያስቀምጠው ተጨማሪ አብሮት ቢመጣም እስክታበሩት ድረስ አይሠራም፤ ስለዚህ ከጫናችሁ በኋላ የመጀመሪያ ሥራችሁ ያንን ማብራት ይሁን። *ማይክሮ* የተባለው የተርሚናል አርታዒ ደግሞ በናኖ ቦታ ሊገባ ይችላል፤ ማስቀመጥና መቅዳት በለመድናቸው የኮንትሮል ቁልፎች ነው። *ዜድ* በ2024 ለሊነክስ የመጣ ፈጣን አርታዒ ነው፤ ዘመናዊ የግራፊክስ ካርድ ስለሚፈልግ በአሮጌ ማሽን ላይ አልመክረውም።

| አርታዒ | ክብደት | መብራት ሲጠፋ | አማርኛ መጻፍ | ለመልመድ | ፈቃድ |
|---|---|---|---|---|---|
| ናኖ | በጣም ቀላል | ያልተቀመጠው ይጠፋል | በተርሚናሉ ይወሰናል | ወዲያው | ክፍት |
| ቪም፣ ኒዮቪም | በጣም ቀላል | ይተርፋል | ቁልፍ መቀያየር ይፈልጋል | ሳምንታት | ክፍት |
| ኢማክስ | መካከለኛ | ይተርፋል | የራሱ መጻፊያ አለው | ሳምንታት | ክፍት |
| ቪኤስ ኮድ | ከባድ | ይተርፋል | ጥሩ | ቀላል | ጥቅሉ የንግድ |
| ቪኤስኮዲየም | ከባድ | ይተርፋል | ጥሩ | ቀላል | ክፍት |
| ኬት | መካከለኛ | ይተርፋል | ጥሩ | ቀላል | ክፍት |
| ጂኒ | ቀላል | ካበሩት ይተርፋል | ጥሩ | ቀላል | ክፍት |

ስለ ፊደላችን ጥቂት

የግዕዝ ፊደል በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ስለገባ በዘመናዊ ሊነክስ ላይ ሁሉም አርታዒ ያነበዋል። የሚያስቸግረው ሌላ ነው። ተርሚናል ለእያንዳንዱ ቁምፊ እኩል ስፋት ይመድባል፤ የእኛ ፊደላት ግን ከላቲኖቹ ይሰፋሉ። «ጨ» እና «ጭ» በብዙ ተርሚናሎች ላይ ተጨፍልቀው ወይም ጎረቤታቸው ላይ ወጥተው ይታያሉ። አማርኛ የሚበዛበት ስክሪፕት የምትጽፉ ከሆነ እንደ ኬት፣ ጂኒ ወይም ኢማክስ ያለ በመስኮት የሚከፈት አርታዒ ተመራጭ ነው። አቢሲኒካ ወይም ኖቶ የተባሉትን የግዕዝ ፎንቶች ጫኑ።

ለመጻፍ አይባስ የተባለውን የግብአት ሥርዓት ከኤም17ኤን ጥቅሉ ጋር መጫን ይመረጣል፤ በውስጡ ሴራ የተባለው የአጻጻፍ ዘዴ አለ። ሲበራ ግን ሥርዓተ ነጥቡም ወደ ግዕዝ ይቀየራል። ሁለት ትዕዛዝ ለመለየት ; ልትጽፉ ስትሉ «፤» ከገባ ባሽ መለያ መሆኑን አያውቅም፤ የቃሉ አካል አድርጎ ይወስደውና ትዕዛዙ ይሰበራል። በዐይን ሲታይ ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነ ለማግኘት ያስቸግራል። አማርኛውን በጥቅስና በማብራሪያ ውስጥ ብቻ አብሩት፤ ጥቅሱ ሲዘጋ አጥፉት።

የፊደል ቁጥርም ያታልላል። እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ይይዛል። ባሽን «ሰላም» ስንት ፊደል ነው ብትሉት፣ የቋንቋ ቅንብሩ ዩቲኤፍ 8 ከሆነ 3 ይላል፤ ሲ የተባለው ጥንታዊ ቅንብር ከሆነ 9 ይላል። ስም በርዝመት የሚቆርጥ ስክሪፕት በሁለተኛው ቅንብር ፊደሉን መሐል ላይ ይሰነጥቀዋል።

ለማን የትኛው?

ላፕቶፑ አሮጌ፣ ማህደረ ትውስታው 4 ጊጋባይት ወይም ከዚያ በታች፣ ዳታውም የሞባይል ለሆነ ሰው ባሽን እንዳለ ይተወው፣ ጂኒንና ሼልቼክን ይጫን። ከዚህ በላይ የሚያስፈልገው ነገር የለም፤ ከዚህ ያነሰም አልመክርም።

8 ጊጋባይትና ከዚያ በላይ ያለው፣ ከሼል ሌላ ፓይተን ወይም የድረ ገጽ ቋንቋዎችንም የሚማር ተማሪ ቪኤስኮዲየምን ይያዝ፤ መምህሩ ወይም መሥሪያ ቤቱ የማይክሮሶፍትን ቅጥያ ካስገደደው ቪኤስ ኮድን። የኬዲኢ ተጠቃሚ ከሆነ በኬት ቢጀምር ደስ ይለኛል። ለዕለት ሥራው ፊሽን ቢጭን ጊዜ ያተርፋል፤ ስክሪፕቱን ግን በባሽ ይጻፍ።

ሰርቨር የሚያስተዳድር ሰው ሁለት ነገር አይቀርለትም፦ ባሽና የቪም መሠረታዊ ትዕዛዞች። በሌሊት በደካማ መስመር ወደ ሩቅ ማሽን የገባ ሰው የሚያገኘው እዚያ ያለውን እንጂ የወደደውን አይደለም። እንደ አልፓይን ያሉ ትናንሽ ሥርዓቶች ላይ ባሽም ስለማይገኝ፣ ለእነሱ የሚጻፈው ስክሪፕት በዳሽ ተፈትኖ ማለፍ አለበት። በቤቱ ማሽን ላይ ዚ ሼል ቢጠቀም አይጎዳውም።

ከማክ ተጠቃሚዎች ጋር ስክሪፕት የሚጋራ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ይወቅ። በማክ ላይ አብሮ የሚመጣው ባሽ አሁንም 3.2 ነው፤ አፕል ከዚያ በኋላ የመጣውን የግኑ ፈቃድ ሦስተኛ እትም ስላልተቀበለ አላሻሻለውም። በባሽ 4 የገቡት በስም የሚጠሩ ድርድሮች እዚያ አይሠሩም።

አማርኛ ለሚያዘወትር፣ ለምሳሌ የአማርኛ ጽሑፎችን በስክሪፕት ለሚያጸዳ ወይም መዝገበ ቃላት ለሚያደራጅ ሰው፣ ጊዜ ካለው ኢማክስን እመክራለሁ። ጊዜ ከሌለው ኬትን ከአይባስ ጋር።

ስትቀይሩ

መደበኛ ሼላችሁን ወደ ፊሽ ወይም ወደ ዚ ሼል ለመቀየር ከወሰናችሁ፣ የመግቢያ ሼላችሁን ከመንካት ይልቅ የተርሚናላችሁን ቅንብር ቀይሩ። የኖም ተርሚናልም ሆነ የኬዲኢው ተርሚናል ኮንሶል ሲከፈቱ የትኛውን ፕሮግራም እንዲያስነሱ በፕሮፋይላቸው ውስጥ ማዘዝ ይቻላል። እንዲህ ከሆነ አዲሱ ሼል ቢበላሽ፣ ወይም ፕሮግራሙ በስሕተት ቢነቀል፣ ወደ ኮምፒውተሩ መግባት አትከለከሉም። የሩትን፣ ማለትም በሥርዓቱ ላይ ሙሉ ሥልጣን ያለውን ተጠቃሚ፣ ሼል በምንም ምክንያት አትቀይሩ። የመግቢያ ሼሉን የግድ መቀየር ካለባችሁ ደግሞ አዲሱ ሼል በተፈቀዱት ሼሎች ዝርዝር ውስጥ መመዝገቡን አረጋግጡ፣ ከዚያ የተከፈተውን ተርሚናል ሳትዘጉ በሌላ መስኮት ገብታችሁ ሞክሩት። ካልሠራ በተከፈተው መስኮት በኩል ወደ ባሽ ትመልሱታላችሁ።